ማጊስተሩ አሳላፊ የሆኑበት ከሰዓት

መርማሪዋ ከበሩ ላይ ሆና ሬሳውን እንዳየችው መጀመሪያ የመጣባት ጥያቄ «ምነው እንዲህ አማረባቸው?» የሚል ነበር። አዛውንቱ መምህር በጠረጴዛው ራስ፣ በትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸው እስከ ላይኛው ቁልፍ ተቆልፏል፤ የሁለቱም ጫማ ማሰሪያ እኩል ተቋጥሯል፤ ፀጉራቸው በውሃ ተበጥሯል። ፎቶ ሊነሱ የተዘጋጁ እንጂ ልባቸውን ይዘው የሞቱ ሰው አይመስሉም። ለመሆኑ ሰው ሲሞት ልብሱን የሚያስተካክለው መቼ ነው?

ይህች መርማሪ በባልደረቦቿ ዘንድ «ወንፊት» ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ ሌላው ባንድ ቀን የሚዘጋውን ነገር እሷ ደጋግማ ስለምታጣራው። አሁን ግን የሚያሾፍ የለም። ስሙ ብቻ ቀርቷል።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ላቲንን ለጀማሪዎች በነፃ የሚያስተምሩት እዚሁ፣ በገዛ ቤታቸው ነበር። ላቲን እንግዲህ የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ማንም ገበያ ወጥቶ አይከራከርበትም። ቃላቱ እንዲያዙ በየዕቃው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ጠረጴዛው ላይ «ሜንሳ»፣ መስኮቱ ላይ «ፌኔስትራ»፣ በሩ ላይ «ያኑዋ» ይላል፤ ከሥሩም «ዛሬ ላቲን ብቻ» የሚል ታክሏል። ጥግ ላይ ባለችው አጭር በርጩማ ላይ ደግሞ «ፖይና፣ ማለትም ቅጣት» ተብሎ ተጽፏል። ወንፊት በርጩማዋን ቆም ብላ አየቻት።

ሦስቱ ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አንደኛው በር የሚሞላ ትከሻ ያለው፣ በከተማው የታወቀ ጠበቃ ነው። ሁለተኛዋ በዋናው መንገድ መድኃኒት ቤት ያላት አጭር ፋርማሲስት ናት። ሦስተኛው ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ የመቃብር ድንጋይ ላይ የላቲን ቃል የሚያስጽፉ ደንበኞች ስላሉት የሚቀርጸውን ልወቀው ብሎ የመጣ።

«ማነው የሚነግረኝ?» አለች ወንፊት።

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ልናገር። የዛሬው የኮርሳችን መዝጊያ ነበር። ወንበር ወንበራችን ላይ ተቀምጠን ግስ ስናረባ፣ ማጊስተር ደረታቸውን ያዙና በተቀመጡበት ቀሩ። ከዚያ በፊት ምንም አልሆኑም።»

«ማጊስተር?»

«በላቲን መምህር ማለት ነው። እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው።»

«በልተው ነበር?»

«የወንድማቸው ልጅ ያቀረበችውን። ዳቦ፣ ማር፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የወይን ጭማቂ።»

«እንደዚያ ነው» አለች ፋርማሲስቷ መሬት መሬቱን እያየች።

«እንደዚያ ነው» አለ ድንጋይ ጠራቢው፣ እሱም መሬት መሬቱን እያየ።

ሦስት ሰው በአንድ አፍ ሲናገር፣ አፉ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ወንፊት ግን አልጠየቀችም። ቁጢጥ ብላ የሟቹን ጫማ ማሰሪያ ፈታች። ካልሲ የለም። የእግራቸው መዳፍ በደረቀ የወይን ጭማቂ ወይን ጠጅ መስሏል፤ የጫማው ውስጥ ግን ንጹሕ ነው። ቀጥላ ኮታቸውን ከፈተች። ሸሚዛቸው ላይ አስታውከዋል፤ ኮቱ ላይ ግን ጠብታ እንኳ የለም። በኮቱ የግራ ውስጥ ኪስ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አገኘች፤ ጀርባዋ ስለሸፈናት ግድግዳው ጋ ያሉት አላዩዋትም። ክዳኗ ተሰንጥቆ በቀይ ክር ታስሯል። እንክብሎቹ ሙሉ ናቸው። የኮቱ ስፌት በብብት በኩል ተተርትሯል።

ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት አንስታ መሀረቧ ውስጥ ከተተች። ሦስቱም እያዩ እንዳላዩ ሆኑ።

ያን ጊዜ የመምህሩ የወንድም ልጅ ከገበያ ገባች። «ጋሼ!» ብላ ዘንቢሏን ጣለች። እያለቀሰች ልታቅፋቸው ስትል የተቆለፈውን ኮት፣ የተቋጠረውን ጫማ አየች፤ ከዚያ ሦስቱን ተማሪዎች አየች። አንዳቸውም ዓይኗን አላዩትም። ልጅቷ ድንገት ጩኸቷን ዋጠችና ዝም አለች። ወንፊት ከሁሉ ይልቅ ይህን ዝምታ ያዘችው።

የጣቢያው አዛዥ ግን ዝምታ የሚያጣራ ሰው አይደለም። በማግሥቱ ጠዋት ልጅቷን አሠራት።

«ምግቡን ያቀረበችው እሷ፣ ቤቱን የምትወርሰው እሷ» አለ ጣቱን እያጠፈ። «ጎረቤታቸው ደግሞ ጠዋት ‹ጋሼ፣ እምቢ ካሉ ኋላ ይቆጭዎታል› ስትል ሰምታታለች። ሰውየው አስታውኮ ነው የሞተው። ሦስት የተከበሩ ምስክሮች ደኅና ነበር ብለዋል። ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሐኪሙ ልባቸው ነው ብሏል።»

«ልብም በመርዝ ይቆማል። የላብራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ እዚያው ትቆያለች። ነገ ከሰዓት ፋይሏ ለዓቃቤ ሕግ ይሄዳል። ሌላ ነገር ካለሽ እስከዚያ አምጪ።»

ወንፊት ቀጥታ ወደ ልጅቷ ሄደች። በማረፊያ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ኩርምት ብላለች። ገና ወጣት ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼሽ ጫማቸውን ለምን አወለቁ?»

«አላወለቁም።»

«ጫማ ውስጥ ያለ እግር ወይን አይረግጥም፣ የኔ እህት።»

ልጅቷ «ሰው ከሞተ በኋላ መሳቂያ አይሆንም» አለች። «የሚቀረው ስሙ ነው።»

«አንቺን እኮ ሊከሱሽ ነው! ነገ ከዚህ ያወጡሻል፤ ከዚያ በኋላ እኔም እጄ አይደርስም።»

«ይክሰሱኝ። እኔ ወጣት ነኝ፤ ስሜን መልሼ አበጃለሁ። እሳቸው ግን መልሰው አያበጁም።»

ለወንፊት ከዚህች ልጅ አፍ እውነቱ እንደማይወጣ ገባት። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«እሺ፣ ይህን ተይው። ብልቃጧን ክር ያሰረው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት ከእጄ አምልጣ ክዳኗ ተሰነጠቀ። ሌላ እስክገዛ ብዬ በቀይ ክር አሰርኳት።»

«የምትቀመጠውስ የት ነው?»

«በኮታቸው የቀኝ ውስጥ ኪስ። ኪሱን ራሴ ነኝ የሰፋሁላቸው። ቀኝ እጃቸው ከታመመ ወዲህ ወደ ላይ አይታዘዝላቸውም፤ በግራቸው ነው መዥረጥ የሚያደርጓት። ልባቸው ጫን ሲላቸው ከምላሳቸው ሥር ያደርጓታል፤ ወዲያው ይሻላቸዋል።»

«ኮቱ የተተረተረ ነገር ነበረው?»

«ምን ማለትዎ ነው? ትናንት ጠዋት እኔ ነኝ የተኮስኩት! ክር አልሳሳበትም።»

ከማረፊያ ክፍሉ ወጥታ ጎረቤትየዋን አገኘች። ሴትየዋ ጆሮዋን ግድግዳ ላይ ብትለጥፍ የማያሳፍራት ዓይነት ናት።

«ትናንት ከሰዓት ምን ሰማሽ?»

«ኧረ ሳቅ ነው! ሲስቁ፣ ሲያጨበጭቡ፣ እንደገና ሲስቁ። ከዚያ ደግሞ ‹ፖይና! ፖይና!› እያሉ ሲጮኹ። ቆይ ግን፣ ፖይና የምትባለው ማናት? ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው ሴት አስገብተው ነበር እንዴ?»

«የለም እቴ» አለች ወንፊት። «በርጩማ ናት።»

ተሰናብታትም ወደ መድኃኒት ቤቱ አቀናች።

ፋርማሲስቷ ከባንኮኒዋ ጀርባ ቆማ የመድኃኒት ካርቶን ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ የምታዛውረው ምክንያት ግን የለውም።

«የማጊስተርን መድኃኒት የምትሰጫቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ልብ ሲይዝ ሰው ምን ይሆናል?»

«ያልበዋል። ይገረጣል። አንዳንዱን ያስታውከዋል።» ድምጿ እየሟሸሸ ሄደ።

«ከሦስታችሁ መካከል ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ለመርዳት ለምን ዘገየሽ?»

የፋርማሲስቷ ፊት እስከ አንገቷ ቀላ። ካርቶኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «በሞቴ፣ እህቴ፣ ሂጂልኝ። ደንበኛ ይመጣል።» ደንበኛ አልነበረም።

ድንጋይ ጠራቢው ግቢው ውስጥ በነጭ አቧራ ተውጦ ተቀምጧል። መዶሻው መሬት ላይ ነው። ሥራ ላይ ሳለ የሚያወራው ቀልድ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር ይላሉ፤ ዛሬ ግን ሰላምታውም ተቆርጦ ነው የወጣው። ወንፊት ከመሀረቧ ቁርጭምጭሚቱን አውጥታ ወረወረችለት። በደመ ነፍስ ቀለበው። ከዚያ መልሶ ከእጁ ጣለው።

«ምንድነው?»

«የሮማውያን... ዕጣ መጣያ ነው። እንደ ዳይስ።»

«ትናንት ዕጣው ማን ላይ ወጣ?»

«እኔ ላ...» ብሎ ምላሱን ነከሰ። «ግስ ነበር የምናረባው።»

«ግስ እያረቡ ያጨበጭባሉ?»

«እሜቴ፣ እባክሽ» አለ ቀና ሳይል። «እኔ ልጆች አሉኝ። ነገ ‹አባታችን ምን አደረገ?› ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?»

ጠበቃው ሰፊ ቢሮ ውስጥ፣ ሰፊ ወንበር ላይ ተቀበላት። ሻይ አስመጣላት፤ ስለ ሟቹ ብዙ ደግ ነገር ተናገረ። ላቲን የጀመረው በችሎት አንድ የላቲን የሕግ አባባል አጣሞ ጠቅሶ ዳኛው ሳይቀሩ ስለሳቁበት መሆኑን ራሱ እየሳቀ አጫወታት። ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

«ማጊስተር ጥብቅ ነበሩ ይባላል።»

«ምላሳቸው ጅራፍ ነበር፤ ግን ለእኛው ብለው ነው።»

«በርጩማዋ ላይ የሚቀመጠው ማን ነበር?»

«የተሳሳተ ሁሉ። ሁላችንም።» ጆሮው ግን ቀላ።

«እርስዎስ? ብዙ ጊዜ?»

«እህቴ፣ ይህ ከሞታቸው ጋር ምን ያገናኘዋል? ሰውየው መድኃኒታቸው አብሯቸው ነበር፤ ያቺ በቀይ ክር የታሰረች ብልቃጥ። ራሳቸው ሊደርሱባት ካልቻሉ እኛ ምን እናድርግ? ልጅቷ ናት መጠየቅ ያለባት። እኔ እንዲያውም በነፃ ልከራከርላት አስቤ ነበር።»

ወንፊት ሻይዋን ሳትጨርስ አመስግና ወጣች። ቤተ መጻሕፍት ጎራ አለችና ስለ ጥንት ሮማውያን በዓላት የሚናገር መጽሐፍ ተውሳ፣ መንገድ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አነበበች።  ገዳይ ስትፈልግ የዋለች ሰው፣ ከገዳዩ በፊት ያገኘችው ኀፍረት ነበር።

በማግሥቱ፣ ፋይሉ ከመሄዱ በፊት፣ ሁሉንም ማጊስተሩ ቤት ሰበሰበቻቸው። አዛዡ ሰዓቱን እያየ በሩ ጋ ቆመ። ልጅቷን ፖሊስ አጅቦ አመጣት። ሦስቱ ተማሪዎች ሲገቡ ደርቀው ቀሩ። ወንፊት ወንበሮቹን አውጥታ፣ ኮሪደር ውስጥ ተደግፈው የነበሩትን ሦስት ፍራሾች በጠረጴዛው ሦስት ወገን ዘርግታቸው ነበር።

«ተቀመጡ» አለቻቸው። «ወይስ ጋደም ትላላችሁ? ሮማውያን ግብዣ ላይ በግራ ክርናቸው ተደግፈው፣ ጋደም ብለው በቀኝ እጃቸው ነበር የሚበሉት። ቅዳሜ እንደዚያ ነበራችሁ።»

ማንም አልተቀመጠም።

«ሟቹ በባዶ እግራቸው የፈሰሰ ጭማቂ ረግጠዋል። ጫማው ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጫማውን ያደረጋችሁላቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ሸሚዛቸው ላይ አስታውከዋል፤ ኮቱ ላይ ግን የለም። ኮቱንም ከሞቱ በኋላ አለበሳችኋቸው። አስተማሪ በባዶ እግሩ፣ ያለ ኮቱ ግስ አያስረባም። ታዲያ ምን እያደረጉ ነበር? ሮማውያን ሳቱርናሊያ የሚሉት በዓል አላቸው። በዚያ ቀን ጌታ አሳላፊ ይሆናል፣ አገልጋይ ጌታ ይሆናል። ዕጣ ይጣላል፤ የወጣለት የግብዣው ንጉሥ ይሆንና የፈለገውን ያዛል። እምቢ አይባልም። ዕጣው ቅዳሜ ለአንተ ወጣ» አለችው ድንጋይ ጠራቢውን። «ማጊስተሩ ኮታቸውን አውልቀው፣ ጫማቸውን አውልቀው ምግብ አሳለፉላችሁ። ሕጉ ደግሞ ላቲን ብቻ ነው፤ በአገራችን ቋንቋ የተናገረ ይቀጣል። ለዚህ ነው ጎረቤት ‹ፖይና! ፖይና!› የሚል ጩኸት የሰማችው። ቅጣት! ቅጣት! ማንን ነበር የምትቀጡት?»

ድንጋይ ጠራቢው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ ነኝ» አለ። «እኔ አፈር ልብላ! ሲያሳልፉ ‹እንደ ግላዲያተር ሙቱ› ብዬ አዘዝኳቸው። ግላዲያተር ማለት ሮማውያን ለመዝናኛ የሚያፋልሙት ሰው ነው። ማጊስተር በማንኪያ ሰይፍ ተዋግተው፣ ወደቁ፤ እንዴት አድርገው እንደወደቁ! በሳቅ ሞትን። አጨበጨብን። ተነሥተው እጅ ነሱን። ከዚያ ጭማቂ ሊቀዱ ሲሉ እንደገና ደረታቸውን ያዙ። እኔ... እኔ ‹እሰይ፣ ድገሙት!› አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

እሱ መቀጠል አልቻለም። ፋርማሲስቷ ቀጠለች፤ እንባዋን ሳትጠርግ። «‹መድኃኒቴን› አሉ። በላቲን አይደለም፤ በራሳችን ቋንቋ። ‹ልጆቼ፣ መድኃኒቴን፣ ኮቴ ውስጥ› አሉ። እኛ ደግሞ ሕግ ጣሱ ብለን ‹ፖይና!› አልን። ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ መድኃኒታቸውን የምሰጣቸው እኔ! ሲያስታውኩ ነው የገባኝ። አንገታቸውን ስይዝ ምንም አልነበረም።»

ልጅቷ ግድግዳውን ያዘች። «መድኃኒት ጠይቀው ነበር?» አለች ቀስ ብላ። ይህን አላወቀችም ነበር። እሷ ያየችው ወደ ገበያ ስትወጣ፣ አጎቷ ባዶ እግራቸውን ትሪ ተሸክመው ሲስቁ ነበር፤ ታሥራ ዝም ያለችውም ያንን ሰው እንዳያውቅባቸው ብላ ነው።

«እንግዲህ ይህን ደበቃችሁ» አለች ወንፊት። «አፍራችሁ። ሽማግሌ ሲሞት ሳቅን፣ ለመዳን ቢለምነን ቀጣነው ማለት አቃታችሁ። ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ፣ አበጥራችሁ ‹ደኅና ነበሩ፤ ከምግቡ በልተዋል› አላችሁ። ሰው ደኅና ውሎ በልቶ ከሞተ፣ ያበላው ሰው ገደለው ይባላል። በእናንተ ኀፍረት እሷ ታሠረች። ታሥራ ስታድር ሦስታችሁም ታውቁ ነበር።»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት ትቶ ነበር። «ታዲያ ይህ ነውር ነው እንጂ ወንጀል የት አለ?» አለ።

«የሁለቱ ነውር ነው። የአንዱ ግን ከዚያ ያልፋል።» ወንፊት ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ጌታና አሳላፊ ቦታ ሲቀያየሩ ልብስም ይቀያየራሉ። የማጊስተሩን ኮት አንድ ሰው ለብሶ ነበር። ጠዋት ተተኩሶ ደኅና የነበረ ኮት በብብቱ ተተርትሯል። እነዚህ ሁለቱ ቢለብሱት ይውጣቸዋል እንጂ አይተረትሩትም። የለበሱት እርስዎ ነዎት፣ ጠበቃ።»

«ብለብስስ? ጨዋታ ነው። ሁላችንም ጨዋታ ነው ብለን አመንን። እነሱም እንደዚያው።»

«እነሱ አምነዋል። እርስዎ ግን አላመኑም። ብልቃጧ ሁልጊዜ የምትቀመጠው በቀኝ ኪስ ነው፤ ልጅቷ ለብቻው ሰፍታላቸዋለች። እኔ ያገኘኋት በግራ ኪስ ነው። በግራ ክርኑ የተደገፈ ሰው ነፃ የሚሆነው ቀኝ እጁ ነው፤ ለቀኝ እጅ ደግሞ የሚቀናው የግራ ኪስ ነው። ማጊስተሩ ‹ኮቴ ውስጥ› ሲሉ እጅዎን ሰደው አወጧት። ሁሉ ካለቀ በኋላ በቀናዎት ኪስ መለሷት።»

«ማንም ሊያወጣት ይችላል! ከሞቱ በኋላ...»

«ብልቃጧን የነካ አለ?» አለች ወንፊት ወደ ሁለቱ ዞራ።

«እኔ ጫማቸውን ነው ያደረግኩላቸው» አለ ድንጋይ ጠራቢው።

«እኔ ፊታቸውን አጠብኩ፣ ፀጉራቸውን አበጠርኩ» አለች ፋርማሲስቷ። «ኮቱን ከራሱ አውልቆ ያለበሳቸው እሱ ነው።»

«ቢሮዎ ሆነው ‹በቀይ ክር የታሰረች› አሉኝ» አለች ወንፊት። «ክሩ የታሰረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከዚያ በኋላ እኔ እስካገኛት ብልቃጧ ከኮቱ አልወጣችም፤ እርስዎ ካላወጧት በቀር። ጨዋታ ነው ብሎ ያመነ ሰው ተኝቶ ይስቃል እንጂ ኪስ ውስጥ መድኃኒት አይፈልግም። እርስዎ እውነት መሆኑን አውቀው አወጧት። አውጥተው ያዟት።»

 ጠበቃው ዙሪያውን አየ። ትከሻው ወረደ።

«ዓመት ሙሉ!» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ዓመት ሙሉ ያቺ በርጩማ ላይ! እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ። ‹ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ› ይሉኛል በሰው ፊት። ቤቴ ገብቼ ከሚስቴ ፊት ቀና ማለት አቃተኝ። እሳቸው ግን አንድ ቀን ማረኝ አላሉኝም።»

«ሊሉህ ነበር» አለች ልጅቷ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። «ለምን ይመስልሃል ያን በዓል ያሰቡት? ጠዋት የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። ‹ጋሼ፣ በዚህ ልብዎ ትሪ ተሸክመው አይሩጡ፤ እምቢ ካሉ ኋላ ይቆጭዎታል› አልኳቸው። ‹አስጨንቄያቸዋለሁ፤ ያ ጠበቃ በተለይ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚወጣው። ይቅርታ በአፌ አልወጣልህ አለኝ፤ አንድ ቀን ይሳቁብኝና ይውጣላቸው› አሉኝ።»

ፋርማሲስቷ ፍራሹ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ድንጋይ ጠራቢው ወደ ግድግዳው ዞረ። ወንፊትም ብትሆን ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች፤ እውነቱን ማውጣት ሥራዋ ነው፣ ይህን ያህል እርቃን ሆኖ ማየት ግን ለማንም ደግ አይደለም።

አዛዡ ቀስ ብሎ ቀረባት። «ልጄ» አላት፤ አንገቱን አቀርቅሮ። «ፋይልሽ ተዘግቷል። ነፃ ነሽ፤ መሄድ ትችያለሽ።»

«ወዴት ልሂድ?» አለችው። «ቤቴ እኮ ይሄ ነው።»

አዛዡ ዞሮ ጠበቃውን እንዲይዝ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠው። ፖሊሱ የጠበቃውን ክንድ ሲይዝ፣ ጠበቃው ወደ ልጅቷ አንድ እርምጃ ተራመደ። እንባው ጉንጩ ላይ ነበር።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ። «እግዚአብሔርን ምስክር አደርጋለሁ። ትንሽ ብቻ፣ ለአፍታ ልያዛት ብዬ ነው። አንድ ጊዜ እንዲለምኑኝ ነበር የፈለግሁት።»

ልጅቷ እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ሰው አንድም ቀን «አንተ» ብላው አታውቅም ነበር።

«ለመኑህ እኮ» አለችው።

 ጠበቃው ፖሊሱ ሲስበው ተከተለው። ሌሎቹ ሁለቱም ከኋላው ወጡ፤ ደጅ የተሰበሰበው ሰው ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው አንዳቸውም ቀና ብለው አልመለሱም።